የደጋ ወተት ታሪክ፤ ከአልፕስ ተራሮች እስከ ጅባትና ሜጫ

ወተት ሰው ከሚመገበው ሁሉ ይልቅ ለመበላሸት የሚፈጥን ነው። ስንዴ በጎተራ፣ ማር በጋን ዓመት ይከርማል፤ ወተት ግን ጧት ታልቦ ለማታ የሚያደርሰው ብልኀት ካልተገኘለት ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ላም ያረባ ሕዝብ ሁሉ ይህን ብልኀት መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ያገኘውም ብልኀት እንደ አገሩ ብርድ፣ እንደ ከብቱ ብዛት፣ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዐትና እንደ ገበያው ርቀት ልዩ ልዩ ሆኗል። አንድ ሕዝብ ወተቱን ምን እንደሚያደርገው መመርመር እንግዲህ የምግብ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ሕዝብ የኑሮ ታሪክ በጓዳው በር ገብቶ ማየት ነው።

በተማሩ ሰዎች ጨዋታ መካከል ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። ኢጣልያኖች በተራራቸው ላይ ዓመት የሚቆይ ጠንካራ አይብ ሲሠሩ፣ እኛ በደጋችን ላይ ይህን ያህል ከብት ይዘን ስለ ምን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጎመዝዝ ለስላሳ አይብ ብቻ ይዘን ቀረን? ይባላል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ አንድ የተሸሸገ ፍርድ አለበት፤ ይኸውም ያገራችን ሰው ጥበቡን ሳያውቀው ቀረ የሚል ነው። እኛ ፍርዱ የተሳሳተ ይመስለናል። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ተራሮች በኩል፣ ማለት ከአልፕስና ከምዕራብ ሸዋ በኩል፣ አንድ በአንድ ልንመለከተው ወደድን።

ስለ ኢጣልያ ተራራ አይብ የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። ጰንጣሌዎኔ ዳ ኮንፊየንሣ የተባለ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1477 ዓመት በቱሪን ከተማ ያሳተመው ነው፤ ነገሩም ሁሉ ስለ ወተትና ከወተት ስለሚገኙ ምግቦች ነው። ዘመኑ በእኛ አገር ዐፄ በእደ ማርያም የነገሡበት ዘመን ነበረ። ሐኪሙ ከጻፈላቸው አገሮች አንዱ ኢጣልያ ከፈረንሳይና ከስዊስ የምትዋሰንበት የአውስታ ሸለቆ ሲሆን፣ በዚሁ ሸለቆ በሚገኘው በኢሶኝ ግንብ ግድግዳ ላይ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም የተሣለ አንድ የሱቅ ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል፤ በሱቁ መደርደሪያ ላይም ክብ ክብ አይብ ተደርድሯል። ይህ የአውስታ አይብ በኋላ ዘመን «ፎንቲና» ተብሏል።

የፎንቲና አሠራር ከእኛ አሠራር በምን እንደሚለይ ለማስረዳት ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል። የአንድ ጊዜ እልቢ ወተት፣ ቅባቱ ሳይገፈፍ፣ የላሟ ሙቀት ሳይለየው በትልቅ የመዳብ ሰታቴ ይገለበጣል። ወደ 36 ዲግሪ ግድም ሲሞቅ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ማርጊያ ይጨመርበታል። ወተቱ ሲረጋ ይሰባበራል፤ እንደ ገናም እስከ 48 ዲግሪ ይሞቃል። ከዚያ በጨርቅ ተጠልሎ፣ በክብ ቅርጽ ተከቶ፣ በከባድ ነገር ተጭኖ ውሃው ይወጣል። የወጣው ክብ ከ7 ኪሎ ተኩል እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ክቡ በእርጥብና በቀዝቃዛ ዋሻ ገብቶ ቢያንስ 80 ቀን ጨው እየታሸ፣ እየተቦረሸና እየተገለበጠ ይቀመጣል። ከዋሻዎቹ አንዱ ቀድሞ መዳብ ይቈፈርበት የነበረ ጉድጓድ ነው። መዳቡ ሲያልቅ አይብ ገባበት።

ሌላው ስመ ጥሩ የተራራ አይብ በምሥራቅ አልፕስ በቬኔቶ አገር የሚሠራው «አሲያጎ» ነው። ይህ በጥንት ከበግ ወተት ይሠራ ነበር፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን በአምባው ላይ ላም በበጉ ቦታ እየገባች ስለ ሄደች የላም አይብ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በተለይም ከ1916 ጀምሮ፣ የኢጣልያና የኦስትሪያ ጦር በዚያው አምባ ላይ ስለ ተዋጋ መንደሮቹ ጠፉ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ታች ወደ ሜዳው ተሰደዱ። አይብ ሠሪዎቹ እውቀታቸውን ይዘው ስለ ወረዱ አሲያጎ ከዚያ ወዲህ በሜዳውም መሠራት ጀመረ።

አሁን እነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ ድካም ስለ ምን ደከሙ? ብለን እንጠይቅ። በአልፕስ በረዶ ብዙ ወራት ይተኛል። ላሞቹ ክረምቱን በጋጣ ታስረው ድርቆሽ ሲበሉ ይከርማሉ። ሰኔ ሲገባ፣ ማለት በእኛ አገር ዝናብ ሲጀምር፣ በዚያ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ስለሚወጣ እረኞች ከብቱን እስከ 2700 ሜትር ወደሚደርስ ከፍታ ይነዳሉ፤ እስከ መስከረምም በዚያ ይሰነብታሉ። የዓመቱ ወተት የበዛው ክፍል በእነዚህ ሦስት አራት ወራት ውስጥ፣ ከመንደርና ከገበያ ርቆ፣ በአንድ ጊዜ ይታለባል ማለት ነው። የሚጠጣው የለም፤ ተሸክሞ የሚያወርደውም የለም። የሚመጣው ክረምት ደግሞ ረዥምና የተራበ ነው። እንዲህ ያለ አገር ወተቱን እስከ ክረምት የሚደርስ ድንጋይ የሚያህል ምግብ ማድረግ ነበረበት፤ አደረገውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ግድም፣ ሆለታ 2400 ሜትር ግድም ከፍታ አላቸው። ከአምቦ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ በጅባት ወረዳ ያለችው ሸነን፣ ከዚያም የወንጪና የደንዲ ተራሮች ብርዳቸው የታወቀ ደጋ ነው። ይሁን እንጂ በረዶ ከብቱን በጋጣ የሚያስርበት አገር አይደለም። ሣሩ በበጋ ቢሳሳ፣ ወተቱም ቢያንስ፣ ላሟ ዓመቱን ሁሉ በደጅ ትውላለች። እያንዳንዱም ቤት ሁለት ሦስት ላም በራሱ በር ያልባል። በልማዳዊ አያያዝ ያገራችን ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆን ነው። አንድ ክብ ፎንቲና ግን ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ወተት በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። አንዲት የሸነን እመቤት ይህን ለማግኘት የስንት ጎረቤት ላም ማለብ እንደሚገባት አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

የላሟ ወተት ጥቂት ይሁን እንጂ ቅባተ ብዙ ነው። የፈረንጅ ላም የሚባለው የፍሪዥያን ወተት ከመቶ ሦስት ተኩል እጅ ግድም ቅባት ሲኖረው፣ ያገራችን ሻኛ ያለው ከብት ወተት 5 እጅ የሚደርስና የሚያልፍም አለው። እንዲህ ያለው ወተት ራሱ «ቅቤ አውጡኝ» የሚል ነው። ስለዚህ ያገራችን ሰው ወተቱን ሲመለከት አስቀድሞ የታየው አይብ ሳይሆን ቅቤ ሆነ።

አሠራሩን ደጋ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ከተማ የተወለደው ተማሪ ላያውቀው ስለሚችል በአጭሩ እንጽፈዋለን። መናጫው፣ ሸክላም ሆነ ቅል፣ አስቀድሞ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ጥሩ ሽታ ይሰጣል፤ በዕቃው ውስጥ ያለውንም የሚያበላሽ ተሐዋሲ ይቀንሳል። የጧቱና የማታው ወተት በየቀኑ እየተጨመረ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ማርጊያ ሳይገባበት በራሱ ይረጋል፤ እርጎ ይሆናል። ከዚያ መናጫው በጭን ላይ ወይም በመሬት በማቶት ላይ ተደርጎ ወዲያና ወዲህ ይናጣል። በአንገቱ አጠገብ የምትገኘው ትንሽ ቀዳዳ አየሩን ታስወጣለች፤ ቅቤው መውጣቱም በእርስዋ ይታወቃል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። በፈረንጆች በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማእከል ባለሙያዎች በዚያው በሸክላው መናጫ አፍ የሚገባ የእንጨት መምቻ ሠርተው ቢሞክሩት፣ ጊዜው ከግማሽ በላይ አጠረ፤ የሚወጣውም ቅቤ ጨመረ። ጥበበኞቹ መናጫውን አልጣሉትም፤ እጀታ ሰጡት እንጂ። ይህን በጎ አድርገን እናየዋለን።

ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ነው። አይብ የሚወለደው እንግዲህ ከዚህ ከተረፈው ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት ይሞቃል፤ መፍላት ግን የለበትም፤ የፈላ እንደ ሆነ አይቡ ይጠነክርና ይሻክራል። ነጩ ከውሃው ሲለይ ተጠልሎ አጓቱ ይወርዳል። በግምት ከ8 ሊትር አንድ ኪሎ አይብ ይገኛል። ሊቃውንት ሲመረምሩት ከመቶው 79 እጅ ያህሉ ውሃ፣ 15 እጅ ግድም ገንቢው ፕሮቲን፣ ቅባቱ ግን 2 እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኝቷል። ቅባቱ ወዴት ሄደ? ቢሉ ወደ ቅቤው ሄዷል። አይባችን ቶሎ የሚጎመዝዘውም ውሃው ስለ በዛ ነው፤ የሠሪዋ እውቀት አንሶ አይደለም። የምዕራቡ ኦሮሞ ይህንኑ «ባዱ» ይለዋል፤ በጅባትና በወንጪ በኩልም እንሰት ስላለ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ለገበያ ይወጣል፤ ከቆጮና ከጎመን ጋርም ይበላል።

ቋንቋችንም ይህን ታሪክ ይመሰክራል። «እርጎ» የሚለው ቃል «ረግዐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ያም ረጋ፣ ጸና ማለት ነው። ስለ ሰው ጠባይ «የረጋ ሰው» ስንል የምንናገረው ያው ቃል ነው። ግእዝ ለአይብም «ግብነት» የሚል ስም አለው፤ ዐረብም «ጁብን» ይላል። መጽሐፈ ኢዮብ በ10ኛው ምዕራፍ የሰውን አፈጣጠር ከሚረጋ ወተት ጋር ማመሳሰሉ ይታወሳል። ስለዚህ መርጋትና ማርጋት ለአገራችን ሊቅ እንግዳ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ በአልፕስና በሸዋ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ይታየናል። ሁለቱም ወተትን ማቆየት፣ ማብሰልም ያውቁበታል፤ አልፕስ የሚያበስለው አይቡን ነው፤ ሸዋ የሚያበስለው ቅቤውን ነው። በመርካቶ ቅቤ ተራ የገባ ሰው ሻጩን ሲጠይቅ «ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ በሳል ነው» ይባላል። ይህ «በሳል» የሚለው ቃል ፈረንጅ ዋሻ ገብቶ ስለ ከረመ አይብ ከሚናገረው ጋር አንድ ነው። ለጋው ለራስ ይቀባል፤ በሳሉ በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሮ ለወጥ ይሆናል፤ ለመድኀኒት የሚፈልገውም አለ። የሰሜን ሸዋዋ ሸኖ ስምዋ ከቅቤዋ ጋር አብሮ እንደሚጠራ ሁሉም ያውቃል። በቅቤ ረገድ እንግዲህ እንደ ፈረንጆቹ ሁሉ የአገር ስም ያለው ሸቀጥ አለን፤ የጣዕም ደረጃም አለን። አይቡ ግን የቅቤው ተከታይ ሆኖ ስለ ተቈጠረ ስም የሰጠው አልተገኘም። አምቦ ለሚፈላው ውሃዋ ስምዋን ከሰጠችው፣ ውሃውም በጠርሙስ መታሸግ ከጀመረ ከፈረንጆች 1930 ወዲህ ነው፤ የአምቦ ገበያ አይብ ግን «አይብ» ከመባል በቀር ሌላ ስም የለውም። በዚያ ወገን ፎንቲና በ1955 በኢጣልያ ሕግ፣ በ1996 ደግሞ በአውሮፓ ማኅበር ሕግ ስሙ ተጠብቆለታል፤ ከአውስታ ሸለቆ ውጭ የሠራ ሰው በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም።

ቅቤ በእኛ ዘንድ እንዲህ የከበረው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። ገባሩ ከእህሉና ከማሩ ጋር ቅቤ ይገብር ነበር፤ ቅቤ ይቆያል፣ ይመዘናል፣ በአጋሰስ ይጫናል፤ አይብ ግን ለዚህ አይመችም። ከዚህም በላይ የጾም ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ምእመኑ በዓመት 180 ቀን የሚያህል፣ ካህኑ እስከ 250 ቀን የሚደርስ ከወተትና ከቅቤ ይከለከላል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ በየቀኑ የሚታለበውን ወተት ምን ያድርጉት? ለስላሳ አይብ እስከ ፋሲካ አይደርስም፤ ቅቤ ግን ይደርሳል። ስለዚህ ጾሙም ወተቱን ወደ ቅቤ ነዳው። በመካከለኛው ዘመን የሮም ቤተ ክርስቲያንም በዐቢይ ጾም ወተትና ቅቤ ትከለክል ነበር። በፈረንሳይ በሩዋን ከተማ ከ1485 እስከ 1506 የተሠራ «የቅቤ ግንብ» የሚባል የካቴድራል ግንብ አለ፤ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለጉ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ የታነጸ ነው ይባላል። በሸዋ እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ አልነበረም፤ ቅቤው በማሰሮ ሆኖ ፋሲካን ጠበቀ።

ስለ ወተት ብዛት ከላይ የተናገርነውን እንደ ገና እናንሣው፤ በሁለቱ ተራሮች መካከል እጅግ የሚያስደንቀው መመሳሰል በዚህ ነውና። የአልፕስም ድኻ ገበሬ ብቻውን 100 ሊትር ወተት አልነበረውም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወተታቸውን ባንድ ሰታቴ እየጨመሩ፣ የዛሬው አይብ የአንደኛው፣ የነገው የሌላው እንዲሆን በተራ የሚያደርሱበትን ማኅበር አቆሙ። ያገባው ወተት ልክ በእንጨት ላይ በሚቈረጥ ምልክት ይመዘገብ ነበር። በ1872 አንቶንዮ ዴላ ሉቻ የተባሉ ቄስ በቤሉኖ አውራጃ በፎርኖ ዲ ካናሌ መንደር ይህን ልማድ አሻሽለው የመጀመሪያውን የኢጣልያ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ድኽነትና ስደት ያስቸገራቸውን ምእመናን ለመርዳት ያሰቡት ነበር።

የእኛስ? በጉራጌና በሸዋ ኦሮሞ ሴቶች ዘንድ «ዊጆ» የሚባል ማኅበር አለ። ጎረቤታሞች ሴቶች በየቀኑ ወይም በየተወሰነው ቀን ወተት እየሰፈሩ ለአንዲቱ ይሰጣሉ። እርስዋም የተሰበሰበውን አርግታ፣ ንጣ፣ ብዙ ቅቤ በአንድ ጊዜ ታወጣለች፤ በሚቀጥለው ተራው የሌላዪቱ ይሆናል። በአንዳንድ ቦታ ወተቱ ቀርቶ ቅቤው ራሱ ይሰበሰባል። እቁብን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ማብራራት አያሻም። ዊጆ ከዴላ ሉቻ ማኅበር በመሠረቱ የሚለይበት ነገር የለም፤ አንዱ ሰታቴ ሌላው መናጫ ከመሆኑ በቀር። ሆኖም የዚያኛው ታሪክ በመዝገብና በመጽሐፍ ሲገኝ፣ የዊጆ ታሪክ በሴቶች አፍ ብቻ ቀርቷል። ያገራችን የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ግብር፣ ስለ ርስትና ስለ ጉልት ብዙ ሲጽፉ ጓዳውን አልፈውት መሄዳቸው ያሳዝነናል።

ሁለቱ ተራሮች በክፉ ቀን የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት የተባለው የኢጣልያ መሥሪያ ቤት ሰፋሪ ገበሬዎች አምጥቶ በሆለታና በቢሾፍቱ እርሻ አቋቁሞ ነበር። ዋናው አሳባቸው ስንዴ ነበረ፤ ቅኝ ግዛቱ ራሱን ይመግብ፣ ከዚያም ተርፎ ለኢጣልያ ይላክ የሚል ነው። አልሆነላቸውም። ከሆለታ ጀምሮ እስከ ጅባትና ሜጫ ደኖች ድረስ አርበኞች ስለ ነበሩ ሰፋሪው ከምሽጉ ርቆ በሰላም ማረስ አልቻለም፤ የጊንጪና የደንዲ አገር ልጅ የሆኑት ጃገማ ኬሎ ገና በልጅነታቸው ጦር መርተው በዚህ መንገድ ላይ ጠላትን ያስጨነቁት በዚሁ ዘመን ነው። ሰፋሪዎቹ የመጡበት መንግሥት ሲሸነፍ እርሻውም ፈረሰ። በቋንቋችን ከቀሩት ቃላት መካከል አንዱ «ፎርማጆ» ነው፤ ከተሜው ጠንካራውን የፈረንጅ አይብ በዚህ ስም ይጠራዋል፤ የቤቱን ግን «አይብ» ይለዋል። ሁለቱን በአንድ ስም አለመጥራቱ ማስተዋል ነው እንላለን፤ የአንዱ መነሻ ሙሉ ወተት፣ የሌላው መነሻ አሬራ ነውና።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ለውጥ ከጦርነቱ ይልቅ ጓዳውን የነካ ነው። በፈረንጆች በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ተሰጡ። ብራውን ስዊስ የአልፕስ ላም ናት፤ የተራራዋ ላም ወደ ሸዋ ደጋ የመጣችው እንግዲህ ከወራሪ ጋር ሳይሆን በስጦታ ነው። በዚያው ዓመት ግድም የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የልደት ዘመኑን የሚቈጥረው ከዚያ ነው። በ1960 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በአዲስ አበባ ዳር በሾላ የወተት ማዘጋጃ አቋቋመ፤ በ1966 የሆለታ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመሠረተ፤ ጣቢያውም የቦረናን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ በማዳቀል የታወቀ ሆነ። በ1986 ደግሞ በምዕራብ ሸዋ በአደዓ በርጋ ከዴንማርክ የመጡ የጀርሲ ጊደሮች ያሉበት ጣቢያ ተከፈተ። ጀርሲ አካልዋ ትንሽ፣ የወተትዋ ቅባት ግን 5 እጅ የሚደርስ ስለ ሆነ ለቅቤም ለአይብም ትመቻለች። ካገራችን ላም ጋር በዚህ ትመሳሰላለች።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ ግን ወተቱ ራሱ በፈሳሽነቱ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመረ። ከሆለታ እስከ ዋና ከተማው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጧት የታለበ ወተት በጣሳ ሆኖ በመኪና ሲጫን በዕለቱ ይደርሳል። እዚህ ላይ የምናነሣው ነገር ከአይብ ጣዕም በላይ ነው። በደጋው ልማድ ቅቤና አይብ የሴቲቱ ሀብት ነው። ላሙም መሬቱም በባል ስም ቢሆን፣ ከመናጫው የወጣውን ገበያ ወስዳ የምትሸጠው፣ በገንዘቡም ጨውና በርበሬ፣ ለልጅ ልብስና ደብተር የምትገዛው እርስዋ ናት። ወተቱ በጣሳ ሲሄድ ግን ሂሳቡ በወር ይከፈላል፤ በማኅበሩ መዝገብ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ የባል ስም ነው። የቤቱ ገቢ ያድጋል፤ የሴቲቱ እጅ ግን ባዶ የሚሆንበት አለ። ይህን ስንጽፍ ወተት ለከተማ መሸጡ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ገበሬው ተጠቅሞበታል፣ የከተማውም ሕፃን ጠጥቶበታል። የምንለው በመናጫው ዙሪያ የነበረው እውቀትና መብት በጣሳው አፍ ፈስሶ መቅረት የለበትም ነው። የማኅበሩ መዝገብ የሚስትንም ስም ቢጽፍ የሚከብድ ሥራ አይሆንም።

በመጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ አንድ ሌላ ማስረጃ ደግሞ ያፈርሰዋል። ኢትዮጵያ የሚቆይ አይብ የላትም የሚለው ነገር እውነት አይደለም። በጎጃም፣ በተለይም በምዕራብ ጎጃምና በአዊ በኩል፣ «መታታ አይብ» የሚባል አለ። የተጠለለው አይብ በልዩ ልዩ ቅመም እየተለወሰ፣ ውሃው እየተቀነሰ፣ በዕቃው ታፍኖ ይከርማል። ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመታት የሚቆይ ነው፤ ለእንግዳ ክብርና ለሕመምም መድኀኒት ተብሎ ይቀመጣል። በቅርብ ዓመታት የምግብ ሊቃውንት መርምረውታል። ይህ አይብ ማርጊያና የመዳብ ሰታቴ ሳይኖረው፣ ከአሬራ ተነሥቶ፣ አልፕሶቹ ከሙሉ ወተት ተነሥተው የደረሱበት ቦታ ደርሷል። አንድ የሆለታ ወይም የአምቦ ተመራማሪ የጎጃሙን መታታ በአደዓ በርጋ ወተት ቢሞክረው ምን እንደሚወጣ ለማየት እንመኛለን።

እስከዚያው ግን መናጫውን ከመረሳት የጠበቀው ያው ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ በአዲስ አበባ ወተት ጠጪው ይቀንሳል፤ ማዘጋጃዎቹም ከገበሬው የሚቀበሉትን ያሳንሳሉ። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ መንገድ ዳር ያለች የወተት ባለቤት ጣሳዋ ሳይወሰድ ሲመለስባት፣ ከመደብ ሥር ያስቀመጠችውን መናጫ አውጥታ በወይራ ታጥነዋለች። ቅቤው ይጠራቀማል። በሆሳዕና ሳምንት ገበያው በቅቤ ይሞላል፤ በቀዳም ሥዑር ደግሞ የትኩስ አይብ ጥቅል ከኮባው እየተፈታ ይሸጣል፤ ዋጋውም በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ቀን የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።